የሃሩን ስም በቀይ ቀለም

ይርዳው በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ብራና በልቷል። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ እሱም ሲያወራው ይስቃል። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

ያኔ ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ አንዲት ደብር፣ የኔታ ኪዳነ ማርያም ከሚባሉ የመጻሕፍት ጸሐፊ ዘንድ ተቀምጦ ብራና መፋቅና ቀለም መበጥበጥ ይማር ነበር። ሰባት ተማሪዎች ነበሩ። ረሃቡ ሲበረታ ወላጅ ያለው ወደ ወላጁ ሄደ፤ ሁለቱ ከደብሩ ግቢ ተቀበሩ፤ እናትም አባትም ያልነበረው ይርዳው ከመምህሩ ጋር ቀረ። ለምኖ የሚያመጣው ቁራሽ መጀመሪያ አነሰ፤ ቀጥሎ ጠፋ፤ በመጨረሻም የሚለመንበት በር ራሱ ተዘጋ።

በጎጆዋ ውስጥ የቀረው ሀብት ተጽፎ ያለቀ አንድ ዳዊትና ተፍቀው፣ ደርቀው፣ ተጠቅልለው የተቀመጡ ስድስት የፍየል ቆዳዎች ነበሩ። ቆዳዎቹን ያመጣው የፍየል ነጋዴው የአያ ይማም ልጅ ሃሩን ነው። ሃሩን የይርዳው እኩያ ነበር። ሰው ቤት ሲገባ «ቤቶች!» ብሎ የመጣራት ልማድ ፈጽሞ አልፈጠረበትም፤ በር ካየ ይገባል።

አንድ ቀን እንደ ልማዱ ዘው ሲል፣ መምህርና ተማሪ ባዶ ምድጃ ከበው ተቀምጠዋል። የእሱም ሆድ ከጀርባው ተጣብቋል፤ የአባቱ ፍየሎች አልቀዋል።

«የኔታ፣ እሳት ጠፋ?»

«እሳትስ አለ ልጄ። የሚጣደው ነው የጠፋው።»

«ያ ምንድነው ታዲያ?» አለና ወደ ቆዳው ጥቅልል ጠቆመ።

የኔታ ጥቅልሉን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። ወሩ ሁዳዴ ነው፤ ቆዳው የፍየል ነው፤ ፍየሉን ያረደው ደግሞ ሙስሊም ነው። ሦስቱንም በየተራ ከመረመሩ በኋላ እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦

«ሥጋ ቢሆን አልነካውም ነበር። ይህ ግን ተነክሯል፣ ተወጥሯል፣ ተፍቋል፣ ደርቋል። ይህ ወረቀት ነው። ወረቀት ያስፈስካል የሚል መጽሐፍ ደግሞ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።»

«በእኛም በኩል ችግር የለም የኔታ» አለ ሃሩን። «አባቴ ቢስሚላህ ብሎ ነው ያረደው።»

ሁለቱም ወገን ስለተስማማ ድስቱ ተጣደ። ብራና ሲቀቀል ሙጫ የመሰለ፣ ከንፈርን ከከንፈር የሚያጣብቅ መረቅ ይወጣዋል። ስድስቱን ቆዳ እየቆራረጡ ሦስት ሳምንት ኖሩበት። የመጨረሻው ቁራጭ ሲያልቅ የሁለቱ ልጆች ዓይን ቀስ ብሎ ወደ ዳዊቱ ሄደ።

«የኔታ፣ ጽሑፉ ቢታጠብስ?» አለ ሃሩን በትሕትና።

አቅም አጥተው የተጋደሙት ሽማግሌ፣ ከየት እንዳመጡት በማይታወቅ ድምፅ «ያልተጻፈበትን ብቻ!» ብለው ጮኹ። ያ ጩኸት ነው መሰል፣ በአራተኛው ቀን የእርዳታ ስንዴ ደረሰ። ሦስቱም ተረፉ፤ ዳዊቱም ተረፈ።

የኔታ ካረፉ በኋላ ይርዳው መካነ ሰላም ገባ። ብራና የሚያስጽፍ ሰው ግን አልነበረም፤ በየደብሩ የታተመ መጽሐፍ ደርሷል። ስለዚህ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆነ፤ ሃያ ዓመት ያህል የሰውን በደል በተዋበ እጅ ጽሑፍ ሲጽፍ ኖረ። አንዳንዱ ሰው ማመልከቻውን ካየ በኋላ በደሉ እንደዚያ ማማሩ ገርሞት ክሱን ትቶ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ይለጥፈው ነበር። ኋላ ኮምፒዩተር ያላቸው ወጣቶች ከጎኑ ሱቅ ከፈቱና ይርዳው ጥላውን አጠፈ።

ሃሩን እንደ አባቱ የፍየል ነጋዴ ሆነ፤ በአጅባርና በወረኢሉ ገበያ ይመላለሳል። ኸዲጃን አግብቶ ፈርሂያን ወለደ። ይርዳውና ሚስቱ የሻለም ልጅ አልወለዱም፤ የሁለቱ ቤት አጥር አንድ ስለሆነ ፈርሂያ የሁለቱም ልጅ ሆና አደገች። ሃሩን ጢሙ ሸብቶም ያ ልማዱ አልለቀቀውም፤ ሳይጣራ ይገባል። የሻለም ፀጉሯን ስትታጠብ ይገባል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ ይገባል፤ ገብቶም ዳኝነት ይሰጣል።

ፈርሂያ ሥራ ፍለጋ ሪያድ ሄደች። በሄደች በዓመቱ ለዒድ አንድ የመልካም ምኞት ካርድ ላከች። በላዩ ያሉት ባለ ወርቅ ፊደላት ከወረቀቱ ብድግ ብለው የቆሙ ናቸው። ሃሩን ቴሌቪዥኑ ላይ አስደግፎ መንደሩን ሁሉ ያስጎበኝ ጀመር። ይርዳው ተራው ደርሶ ሲያየው ፊደሉን በአውራ ጣቱ ዳበሰና፣

«ይህ በእጅ ይሠራል» አለ።

«በእጅ? የሪያድ ሥራ እኮ ነው!»

«በሪያድም ሰው እጅ አለው።»

የይርዳው እምነት ከብራና ሥራ የመጣ ነበር። በብራና ላይ መስመር በቀለም አይሰመርም፤ በደነዘ ወስፌ ይጫናል። ከወዲህ ሲጎደጉድ ከወዲያ ያብጣል። መስመር ካበጠ ፊደል የማያብጥበት ምክንያት አልታየውም። የወይራ ጣውላ ላይ ፊደል ይቀርጻል፤ ወፍራም ወረቀት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ያለሰልሳል፤ በቅርጹ ላይ አስተኝቶ በቀንድ ማንኪያ ጀርባ ያሸዋል፤ ሲያነሳው ፊደሉ ቆሞ ይገኛል። ነገሩ ይኸው ነው።

ነገሩ ይኸው ቢሆንም የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ሁሉ ተበላሸ። ወረቀቱ ሲገለበጥ ፊደሉም እንደሚገለበጥ አላሰበም ነበርና «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለውን በቀና ቀርጾ፣ ሃያ ካርድ ከግራ ወደ ቀኝ ሳይሆን ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ ወጣበት። አንዱን ተረፈ የሚባል ጸጉር አስተካካይ ወሰደና ከደንበኞቹ ጀርባ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ጢሙን የሚላጭ ሰው በመስተዋቱ ውስጥ ቁልጭ አድርጎ ያነበዋል። ያን ዓመት ከይርዳው ካርዶች የእንቁጣጣሽን ምኞት በትክክል የተናገረው የጸጉር አስተካካዩ መስተዋት ብቻ ነው።

ሌላው ችግር ቀለሙ ነበር። ይርዳው የሱቅ ቀለም አይነካም። ጥቁሩን ከድስት ቂጥ ከሚፋቅ ጥቀርሻ፣ ካረረ ገብስና ከቅጠል ጭማቂ በጥብጦ በእንስራ ውስጥ ለወራት ያብላላዋል። የሚብላላ ቀለም ሽታ አለው፤ ሽታውም እንግዳ ይመልሳል።

«ከዛሬ ጀምሮ ወይ እኔ ወይ እንስራው!» አለች የሻለም።

«እንስራው ገና ሦስት ወር ይቀረዋል» አለ ይርዳው፤ የጠየቀችው ስለ ቀለሙ መድረስ መስሎት።

በመጨረሻ ከሚኒባስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ጠባብ ክፍል ተከራየና እንስራው ወደዚያ ተዛወረ። ሥራውም ተቃና። ለሠርግ፣ ለዒድ፣ ለገና፣ ከዓረብ አገር ለሚመለስ ልጅ ደህና መጣህ ለማለት፣ ሰው ሁሉ «ያበጠውን ካርድ ስጠኝ» እያለ ይመጣል። ሁሉንም በጥቁር ይጽፋል። ቀይ ቀለም ግን ለማንም አያወጣም። ቀዩ በትንሽ ቀንድ ውስጥ ተቀምጦ በሁለት ዓመት አንዴ የሚሞላ ነው። የኔታ እንዳስተማሩት ቀይ ለቅዱሳን ስም ነው፤ ከሰው ወገን በቀይ የሚጻፈው ደግሞ መጽሐፉን ያስጻፈው ባለቤት ብቻ ነው።

ፈርሂያ ከስድስት ዓመት በኋላ ከሪያድ ተመለሰችና የወረኢሉው ሐጂ አበጋዝ ለልጃቸው ጠየቋት። ሐጂ አበጋዝ ስማቸው የተጠራ፣ ቤታቸው የተከበረ ሰው ናቸው። ሃሩን ከደስታው ይልቅ ጭንቀቱ በዛ።

«ይርዳው፣ እኔ የፍየል ነጋዴ ነኝ» አለው። «እሳቸው ቤት ገመድ ይዤ ነው የምገባ የሚመስለኝ። በዚያ ሁሉ ትልቅ ሰው ፊት እንዳልዋረድ።»

«የጥሪውን ካርድ ለእኔ ተወው» አለ ይርዳው። «ወረኢሉ አይቶ የማያውቀው ካርድ እሠራልሃለሁ።»

ሁለት ወር ሠራ። መቶ ሃያ ካርድ ነው። የሙሽራዋንና የሙሽራውን ስም፣ የሐጂ አበጋዝንም ስም አሳብጦ በጥቁር ጻፈ። የጠሪው የሃሩን ይማም ስም ዘንድ ሲደርስ ግን ቀንዱን ከፈተ። የሁለት ዓመቱን ቀይ በመቃ ብዕር እየጠለቀ፣ በያንዳንዱ ካርድ ላይ ሃሩንን እንደ መጽሐፍ ባለቤት አከበረው። ሃሩን ለገበያ አጅባር ሄዶ ነበርና፣ ቀኑም ስለተቃረበ፣ ካርዶቹን ሳያሳየው ለየሚኒባሱ ሾፌር አስረክቦ ላካቸው። ጓደኛውን በድንገት ሊያስደስተው ፈልጎ ነው።

ሃሩን ከአጅባር በተመለሰ ማግስት ጠዋት፣ ይርዳውና የሻለም ቁርስ ላይ ሳሉ ከውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«እንግዳ ነው፤ ተነሥ» አለች የሻለም ነጠላዋን እያስተካከለች።

በሩ ላይ የቆመው ሃሩን ነበር። አልገባም። ካፖርቱን ቆልፎ፣ ዱላውን ጨብጦ ቆሟል።

«እንደምን አደሩ?» አለ።

ይርዳው ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ዞር አለ። ማንም የለም።

«ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ» አለ ሃሩን። «ሥራዎን አጅባር ላይ በሰው እጅ አየሁት። ደህና ይዋሉ።» ሄደ።

ይርዳው ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ከዐርባ ዓመት በላይ አንተ ሲለው የኖረ ሰው እርስዎ ብሎት መሄዱ፣ በዱላ ቢመታው ከሚሰማው በላይ ተሰማው። «አሞታል?» አለ። የሻለም አላመመውም አለች፤ የታመመ ሰው እንደዚያ ቀጥ ብሎ አይቆምም።

ከዚያ በኋላ ሰላምታም ቀረ። ሃሩን ፍየሎቹን እየነዳ በሱቁ በኩል ሲያልፍ ለሰው ሳይሆን ለፍየሎቹ «ፈጠን በሉ፤ እዚህ ሰፈር ሰው ላይ ምልክት የሚያደርጉ ሊቃውንት አሉ» ይላቸዋል። ፍየሎቹ ግን ወደ ሱቁ ደጃፍ ዘወር ማለት ስለለመዱ አንዷ ሁልጊዜ ገብታ የተቆረጠ ወረቀት ትበላለች።

ያ ሳያንስ በሳምንቱ ጸጉር አስተካካዩ ተረፈ ላብ እያጠመቀው መጣ። በሃሩን ቤት ድግስ ለክርስቲያን እንግዶች የሚታረደውን በግ የሚያርደው ከድሮም ይርዳው ነው። የፈርሂያ ሠርግ ደግሞ የድግሶች ሁሉ ድግስ ነው።

«ጋሼ ይርዳው፣ ጉድ ፈላብኝ። አያ ሃሩን በጉን አንተ ነህ የምታርድ አለኝ።»

«አንተ?»

«እኔ። ምላጭ መያዝ ይችላል ብሎ ነው። ደም ሳይ እንደምወድቅ ያውቃል እኮ! ደንበኛ ስቆርጥ እንኳ ጥጥ የሚይዘው ደንበኛው ነው። ለመሆኑ በግ ከየት ይጀመራል?»

«አንተ ከጢሙ ጀምር» አለ ይርዳውና ፊቱን አዞረ። ፊቱን ያዞረው ግን ስለቀለደ አልነበረም። በፈርሂያ ሠርግ ላይ ቢላ የማይዝ ከሆነ ከዚያ ቤት ወጥቷል ማለት ነው። ሃሩን በሠርጉ ቀን ካልመለሰው ወደፊት አይመልሰውም።

ምክንያቱን ያመጣችው የሻለም ናት። ውሃ ልትቀዳ ቦኖ ሄዳ ከኸዲጃ ጋር ጀሪካናቸው ሞልቶ እስኪፈስ አወሩ። ተመልሳ መጥታ ጀሪካኑን እንኳ ሳታወርድ፣

«በቀይ ጻፍኸው እንዴ?» አለች።

«አዎ! ምን ሆነ ታዲያ?»

«እሱ እኮ ማንበብ የተማረው ከፈርሂያ ደብተር ነው። ራሱ መጀመሪያ ያነበበው ወረቀት የልጅቷ የፈተና ውጤት ነው። ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ሠላሳ ስምንት አምጥታ በቀይ ተጽፎባት፣ ትምህርት ቤት ተጠርቶ፣ ‹በቀይ የተጻፈው የወደቀችበት ነው› ተብሎ ተነገረው። አሁን ካርዱን ሲያየው ሙሽራው በጥቁር አልፏል፣ ፈርሂያ አልፋለች፣ ሐጂ አበጋዝ አልፈዋል። የወደቀው እሱ ብቻ ነው። ያውም ዕውር እንኳ ዳብሶ እንዲያውቀው ተብሎ አብጦ! ‹መቶ ሃያ ሰው ፊት ጣለኝ› ይላል።»

ይርዳው መጀመሪያ አፉን ከፈተ። ቀጥሎ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ተቆጣ።

«እኔን! የሁለት ዓመት ቀለሜን አፍስሼ ከቅዱሳን ጋር ያሰለፍሁትን ሰው! ሄጄ ይቅርታ ልለው ነው? ባላጠፋሁት?»

«አትሂድ» አለች የሻለም። «እሱም አይመጣም። ሁለታችሁም ኮርታችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ያ ምስኪን በግ በተረፈ እጅ ይሰቃያል።»

ይርዳው ሱቁ ገብቶ ዋለ። ስንት ሰው ሊታረቅ ሲፈልግ መጥቶ «አንድ ጥሩ ነገር ጻፍልኝ» ብሎት ጽፎለታል፤ ለራሱ ግን አንድ ቀን ካርድ ጽፎ አያውቅም። ብዕሩን አነሳ፤ ቀለሙ ላይ ተቸገረ። በቀይ ቢጽፍ ደግመህ ጣልኸኝ ይለዋል። በጥቁር ቢጽፍ ስቆጣበት ጊዜ ውጤቴን አስተካከለ ይለዋል። በመጨረሻ ብዕሩን አስቀመጠና ወስፌውን አነሳ። አንዲት ትንሽ የወይራ ጣውላ ወስዶ፣ አሁን በለመደው እጅ ገልብጦ፣ አንድ መስመር ቀረጸ። ነጩን ወረቀት በላዩ አሻሽቶ አነሳው። ቀለም የሚባል አልነካውም። ነጭ በነጭ ላይ የቆመ ጽሑፍ ነው። በየሻለም እጅ ላከው።

በማግስቱ ኸዲጃ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«አያ ይርዳው፣ ምነው? እኔ ላስታርቅ ስደክም አንተ ባዶ ወረቀት ትልክለታለህ? ‹ቀዩ ሳያንስ ዛሬ ደግሞ ዜሮ ሰጠኝ› ብሎ ቁርስ ሳይቀምስ ወጣ።»

«ባዶ አይደለም ኸዲጃ! ተጽፎበታል!»

«እኔማ ማንበብ አልችል። ለእኔ ነጭ ነው። ለእሱም ነጭ ነው።»

«የት ሆኖ ነው ያየው?»

«ጓዳ።»

«ጓዳ! ወደ ብርሃን ያውጣው! በጣቱ ይዳብሰው!»

«በኪሱ ይዞት ወጥቷል፤ ለሽማግሌዎች አሳያለሁ እያለ ነው። ወላሂ፣ ለአንተም ለእሱም አንድ አንድ ሞግዚት ያስፈልጋችኋል» ብላ ወረደች።

ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው፣ ከወረኢሉ የመጣ ሚኒባስ ከሱቁ ፊት ለፊት ቆመና ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ግርማ ያላቸው ሽማግሌ ወረዱ። ወዲያና ወዲህ ሳይሉ ቀጥታ ወደ ይርዳው ገቡ።

«አሰላሙ አለይኩም። ካርድ የሚሠራው ይርዳው የሚባለው አንተ ነህ?»

«ወአለይኩም ሰላም። እኔ ነኝ፤ ይግቡ ይቀመጡ።»

«አበጋዝ እባላለሁ።» የፈርሂያ አማች መሆናቸው ነው። አልተቀመጡም። ከኪሳቸው ካርዱን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «ለመሆኑ እኔ ምን በድዬህ ነው?»

ይርዳው ካርዱን ወደ ራሱ ሳበ። እሳቸውም!

«ሐጂ፣ ምን አጠፋሁ?»

«የሃሩን ስም በቀይ፣ የእኔ በጥቁር! ወረኢሉ ላይ ቡና የጠራኝ ሰው ሁሉ ‹ሐጂ፣ አማችዎ በቀይ ተከብሮ እርስዎ እንዴት በጥቁር ቀሩ?› ይለኛል። በአባቴ ቤት በእጅ የተጻፈ ቁርኣን አለ፤ ልጅ ሆኜ በእሱ ነው የቀራሁ። ቀይ ለከበረው እንደሚወጣ አውቃለሁ። እኔ ከእሱ ማነሴ በምን ታወቀ?»

ይርዳው መልስ ከመስጠቱ በፊት ከበሩ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሃሩን ነው። አማቹን ሊቀበል መናኸሪያው ላይ ሲጠብቅ፣ ከዚህ ሁሉ ቤት መርጠው እዚህ ሲገቡበት አይቶ ተከትሏል። አንድ እግሩ ደጅ፣ አንድ እግሩ ደፍ ላይ ነው።

«ሐጂ፣ ምን አሉ አሁን?» አለ።

«አንተማ ምን ቸገረህ! በቀይ ተጽፈህ!»

«በቀይ ተጽፌ... ወድቄ አይደል?»

«ከምን ነው የምትወድቅ?» አሉ ሐጂ። «አንተ እንደ መጽሐፍ ባለቤት ተጽፈህ፣ እኔ እንደ ጎረቤት!»

የሃሩን ዱላ ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ይርዳውን አየ። ይርዳው ጣራውን ያያል። ሃሩን በቀላሉ የሚሸነፍ ሰው ስላልሆነ ኪሱን ዳበሰና ነጩን ካርድ አወጣ።

«እሺ፣ ያ ይሁን። ይህስ? ይህ ዜሮ አይደለም?»

ሐጂ ካርዱን ተቀበሉና አውራ ጣታቸውን አሳለፉበት። «ምን ዜሮ ነው፤ ሙሉ መስመር አለው እኮ! ወደ ፀሐይ አውጣው።»

ሃሩን በሩ ላይ ወደ ብርሃን አዘነበለው። ፀሐይዋ በጎን ስትመታው ፊደላቱ አንድ በአንድ ጥላ እያወጡ ተነሡ። ሃሩን እንደ ልማዱ ፊደል በፊደል እየጠራ፣ መናኸሪያው ሁሉ እስኪሰማው ድረስ አነበበ።

«ያል... ተ... ጻፈበትን... ያበ... ላኸኝ... ሃሩን... ምን... ጻፍሁብህ።»

ደግሞ በልቡ አነበበው። ዓይኑን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገ፤ አቧራ ነው ለማለት ወደ መንገዱ አየ። መንገዱ ላይ አንድም መኪና አያልፍም ነበር።

ሐጂ አበጋዝ ግራ ገባቸው። «ያልተጻፈበት ምንድነው ያበላኸው?»

«ወረቀት» አለ ሃሩን።

«ወረቀት?»

«ሦስት ሳምንት።»

«አብረን ነው የበላን» አለ ይርዳው፣ ጓደኛው ብቻውን እንዳይታማ።

ሐጂ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። «ያ አላህ» አሉ፤ «ከእንዴት ያለ ቤተሰብ ጋር ነው የምጋባው!» ብለው አሁን ገና ተቀመጡ።

«አንተ ሰውዬ ግን» አለ ሃሩን ወደ ይርዳው ዞሮ፣ «አፍ የለህም? መናገር ሲቻል ፊደል ታሳብጣለህ?»

ይርዳው «አንተ» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ትከሻው ወረደ። «አንተስ ዓይን የለህም? ጓዳ ገብተህ ታነባለህ?»

«አውፍ በለኝ ይርዳው።»

«አውፍ ብያለሁ። ያለፈው ይለፍ። በጉን ግን ተረፈ ነው የሚያርደው አሉ።»

«ተረፈ ትናንት በጉን አይቶ ብቻ ራሱን ስቶ ወደቀ። በጉ ነው የቀሰቀሰው።»

«የእኔ ስምስ ነገር?» አሉ ሐጂ አበጋዝ ከተቀመጡበት።

ይርዳው ቀንዱን ገልብጦ አራገፈው። ከቀንዱ ውስጥ የተጣበቀችውን ቅሪት በጠብታ ውሃ አሟሟና ሐጂ እያዩ፣ በአንድ ካርድ ላይ ብቻ፣ ስማቸውን በቀይ ጻፈላቸው። ቀለሙ «ዝ» ላይ ሲደርስ እየሳሳ ሄዶ ሮዝ ሆነ። ሐጂ ግን ይህን አላዩም፤ ወይም አይተው ዝም አሉ። አሁንም ወረኢሉ እንግዳ መቀበያ ክፍላቸው ውስጥ በመስተዋት ተሸፍኖ ተሰቅሏል።

ሠርጉም ደመቀ። ይርዳው ሁለት በግ አረደ፤ ተረፈ ከሩቅ ጀርባውን ሰጥቶ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ በመካነ ሰላም የሠርግ ካርድ የሚያሠራ ሁሉ «ስሜን በቀይ» ይላል። ይርዳውም ቀንዱን እያሳየ «ሁለት ዓመት ጠብቅ» ብሎ ይመልሰዋል።

ፈርሂያ ወደ ወረኢሉ ከመሄዷ በፊት ልትሰናበተው ሱቁ መጣች። ከወይራ ጣውላዎቹ አንዷን፣ ስሟ የተቀረጸባትን፣ ለመታሰቢያ ለመነችው። እያሻሸች «ጋሼ ይርዳው፣ አንተ ብራናውንም፣ ቀለሙንም፣ ካርዱንም አየህ። በዕድሜህ ከሁሉ የሚበልጥብህ የትኛው ነው?» አለችው። እሱም የእንስራውን ክዳን እየገጠመ እንዲህ አላት፦

«ልጄ፣ ቀለም ከጥቀርሻ ይሠራል፤ ወረቀት ከደሴ ይመጣል፤ እጅም ቢሆን ይለምዳል። በሕይወቴ የፈራሁት ረሃቡን ብቻ ይመስለኝ ነበር። አባትሽ በራችን ላይ ቆሞ ‹ቤቶች!› ያለ ጠዋት ግን ከረሃቡ የባሰ ፈራሁ። ሳይጣራ የሚገባ አንድ ሰው አለኝ፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው፤ የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው። ይልቅ ስትወጪ በሩን ክፍት ተይው፤ አሁን ይመጣል፤ ከዘጋሽው ገጭቶት ይገባል።»